ሆሳዕና ላይ መብረቅ ስንቃኝ

የቴስላ ኮይል፣ ማለትም ሰው ሠራሽ መብረቅ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ሠርተን ነበር ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጥምጠማው ነው። «ያን ሁሉ ሽቦ በእጃችሁ?» ይሉኛል። አዎ፣ በእጃችን። ሺህ ዙር ሽቦ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ፣ ክፍተትም ሳይተው ቱቦ ላይ መደርደር ጣት ያደነዝዛል እንጂ ራስ አያዞርም። ራስ የሚያዞረው ከዚያ በኋላ ያለው መቃኘት ነው። ሁሉም ነገር ተገጣጥሞ፣ ትራንስፎርመሩ እያጉረመረመ፣ የእሳት መዝለያው ክፍተት ጆሮ እስኪያደነቁር እየጮኸ፣ ከላይ ከተቀመጠው ሳህን ግን ጥፍር የማታህል ብልጭታ ብቻ ስትወጣ ምን ይደረጋል? 2009 ዓ.ም. ላይ ሆሳዕና ውስጥ ይህ ጥያቄ ነበር እንቅልፍ የነሳን።

ሦስት ነበርን። እኔ የከተማው ልጅ ነኝ። ሁለተኛው ከከምባታ፣ ከአንጋጫ በኩል የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ አገሩ እየሄደ ቆጮውን ተሸክሞ የሚመለስ ነበር። ሦስተኛዋ ሒሳብ የምትሠራልን ልጅ ነች፤ እሷ ባትኖር ኖሮ እስካሁንም በግምት ስንነካካ እንቀር ነበር። የምንሠራው የአንጋጫው ልጅ በተከራያት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ሲሆን ከጀርባዋ የአከራዮቹ የእንሰት ጓሮ አለ። ጣሪያውም ጓሮውም በኋላ ጉዳይ ይኖራቸዋል።

ዕቃው ከየትም ከየትም ነው የተሰበሰበው። ሽቦውን ያገኘነው ከሞተር ጥቅለላ ቤት ነው። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ወፍጮ ቤት ሞልቷል፤ ወፍጮ ባለበት ሞተር ይቃጠላል፣ ሞተር በሚቃጠልበት ደግሞ የሚጠቀልል ባለሙያ አይጠፋም። ቫርኒሽ የለበሰ 0.4 ሚሊሜትር መዳብ ሽቦ በኪሎ መዝኖ ሸጠልን። ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ሽቦ ግማሽ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ቱቦው ለፍሳሽ የሚቀበረው 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ነው። ለታችኛው ጥምጥም፣ ማለትም ለፕራይመሪው፣ ከፍሪጅ ጠጋኝ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ገዛን። ትራንስፎርመሩ ከአዲስ አበባ መጣ። የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ከኒዮን ወደ ኤልኢዲ እየተቀየሩ ስለነበር አንድ ሰሌዳ ሠሪ አሮጌውን በርካሽ ለቀቀልን። ላዩ ላይ 9,000 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከጆሃንስበርግ በመንገደኛ እጅ ጥቂት ኤልኢዲና 555 የምትባለውን ባለ ስምንት እግር ቺፕ ላከ። ከእኛ ሰፈር ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት መቁጠር ይቀላል፤ ከዚያ የሚጠበቀው ግን ብር ነው እንጂ ቺፕ አይደለም። እናቴ ፖስታውን ከፍታ ስታይ ዝም ነው ያለችው።

ዝም ያላለችው በጠርሙሶቹ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል ካፓሲተር ሆሳዕና ሱቅ ውስጥ አይሸጥም፤ ስለዚህ በጠርሙስ ሠራነው። ባዶ ጠርሙስ ውስጥ የጨው ውሃ ይሞላል፣ ጠርሙሱ የጨው ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይቆማል፣ መስታወቱ ሁለቱን ውሃዎች ይለያል። እሳት በአፉ በኩል እንዳያመልጥ ከላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረጋል። ለዚህ የሚስማማው የቢራ ጠርሙስ ነበር። የጴንጤ ቤት ልጅ የቢራ ጠርሙስ በጆንያ ተሸክሞ በሰፈር ሲያልፍ ምን እንደሚባል ሆሳዕና ያደገ ሰው አይጠፋውም። «ለፊዚክስ ነው» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። እናቴም «እንግዲህ ፊዚክስ ነው የሚሉት ዛሬ?» አለች።

አሁን ወደ መቃኘቱ ልግባ። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሁለት ጊታር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠው ሲቃኙ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የአንዱ ክር ሲመታ የሌላው ጊታር ክር ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል፣ ይህ ግን የሚሆነው ሁለቱ ክሮች እኩል ከተቃኙ ብቻ ነው። የቴስላ ኮይልም ሁለት ክር አለው። ታች ያለው ፕራይመሪ ከጠርሙሶቹ ጋር አንድ ድግግሞሽ አለው፤ ላይ ያለው ረጅሙ ጥምጥም ደግሞ በራሱ ላይ ካለው ሳህን ጋር ሌላ ድግግሞሽ አለው። ጠርሙሶቹ ተሞልተው እሳቱ ክፍተቱን ሲዘል ፕራይመሪው ይመታል። ሁለቱ ከተስማሙ ኃይሉ ወደ ላይ ይሻገራል፤ ካልተስማሙ እዚያው ታች ጮኾ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። የእኛ ጩኸት ብቻ ነበር።

የሒሳቧ ልጅ የላይኛውን ጥምጥም በቀመር ሠራችው። 110 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ ሺህ ዙር፣ ቁመቱ 42 ሴንቲሜትር፤ ኢንዳክታንሱ ወደ 26 ሚሊሄንሪ። ጥምጥሙ በራሱ ያለው ካፓሲታንስ 8 ፒኮፋራድ ግድም ነው። ስለዚህ ሳህን ሳይደረግበት 350 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይርገበገባል። ሁለት ጎድጓዳ የአልሙኒየም ሳህኖች አፍ ለአፍ ገጥመን ከላይ ስናስቀምጥ 10 ፒኮፋራድ ያህል ይጨምራል፤ ድግግሞሹም ወደ 230 ይወርዳል። ደብተሯ ላይ ከቁጥሩ ሥር ሁለት መስመር አሰመረችና «ይህ ግን ወረቀት ነው» አለች። መለኪያ ያስፈልገን ነበር። ያለን ደግሞ ቮልትና ኦም የሚለካ ተራ ቴስተር ነው።

መፍትሔው የመጣው ገበያው አጠገብ ሱቅ ከነበራቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ካውያቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ የሰውን ነገር ይሰማሉ።

«ጋሼ፣ ኦሲሎስኮፕ የሚያውሰን ሰው ያውቃሉ?»

«ለምን?»

«ድግግሞሽ ልንለካ።»

«ታዲያ ሬዲዮ ምንድን ነው?» አሉ። ይህን ብለው ከመደርደሪያ ላይ ሽፋኑ የተሰበረ ባለ መርፌ ሬዲዮ አወረዱልን።

እኛ ያሰብነው ሬዲዮው አይደርስልንም ብለን ነው። ሚድየም ዌቭ ከ530 ኪሎኸርዝ ግድም ይጀምራል፤ የእኛ 230 ከሥሩ ነው። ጋሼ ግን የሬዲዮ ሰው ስለሆኑ ሌላ ነገር ያውቃሉ። 555 የምትሰጠው ሞገድ ለስላሳ አይደለም፤ ባለ ማዕዘን ነው። ባለ ማዕዘን ሞገድ ብቻውን አይሄድም፣ ብዜቶቹን አስከትሎ ነው የሚሄደው። መሠረቱ 230 ከሆነ 460 ላይ፣ 690 ላይ፣ 920 ላይ፣ እያለ ይቀጥላል። ሬዲዮው መሠረቱን ባይሰማም ብዜቶቹን ይሰማል። በሁለት ተከታይ ብዜቶች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ራሱ መሠረቱ ነው።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም በደንብ መግለጽ አልችልም። ውድ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ የተሰበረ ሬዲዮና መቀነስ የሚችል ሰው ሊሠሩት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። 555ን ከፖቴንሽዮሜትር ጋር አገናኝተን ድግግሞሹ እንዲቀያየር አደረግን። መውጫውን ከላይኛው ጥምጥም የታችኛው ጫፍ ጋር ስናያይዝ መሐል ላይ ሁለት ኤልኢዲ ፊትና ኋላ አዙረን አስገባን። ጥምጥሙ ድግግሞሹን ሲያገኝ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ኤልኢዲዎቹ ይደምቃሉ። ስለዚህ አንዱ ፖቴንሽዮሜትሩን ቀስ እያለ ያዞራል፣ ሌላው ቤቱን አጨልሞ ኤልኢዲውን ያያል፤ ድምቀቱ ጫፍ ሲደርስ «ቁም!» ይላል። ያኔ ሦስተኛዋ ሬዲዮውን ይዛ መርፌውን ከዳር እስከ ዳር ትነዳዋለች። አዳፕተራችን ርካሽ ስለነበር ጉርምርምታው ከሞገዱ ጋር ተደባልቆ ይወጣል፤ እሱም ጠቀመን፣ ብዜቱ ያለበት ቦታ ላይ ሬዲዮው ግልጽ አድርጎ ያጉረመርማል። የሬዲዮው መርፌ የሚዋሽ ከሆነ ብለን አስቀድመን ቁጥራቸውን በምናውቃቸው ጣቢያዎች አስተካክለነው ነበር።

680 ላይ አጉረመረመ። ከዚያ 905 አካባቢ፣ 1130 አካባቢ፣ 1360 ላይ። የመጀመሪያው ከመጨረሻው ተቀንሶ ለሦስት ሲካፈል ወደ 227 ነው። ወረቀቱ 232 ብሎ ነበር። ለጭቃ ቤት ድንቅ ነው! የሒሳቧ ልጅ ግን አልተደሰተችም፤ አምስቷ ኪሎኸርዝ የት ሄደች ብላ ያዘች። ያገኘችውም እሷ ናት። ሳህኑ ላይ እጇን ስታቀርብ ኤልኢዲው ይደበዝዛል፣ ፖቴንሽዮሜትሩ ወደ ታች ሲዞር ተመልሶ ይደምቃል። የሰው እጅ ካፓሲታንስ ጨምሯል ማለት ነው። እጅ ይህን ካደረገ ከሳህኑ በላይ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያስ? ቀመሩ ኮይሉን ባዶ ሜዳ ላይ ነበር የሚያስበው፤ የእኛ ግን ቆርቆሮ ሥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ከኢንተርኔት የወረደ ቁጥር ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነብን። አንደኛው የጠርሙሶቹ ቁጥር ነው። ለእንዲህ ያለ ትራንስፎርመር የሚስማማው ካፓሲተር 8.8 ናኖፋራድ ነው የሚል ሰንጠረዥ ይዘን ነበር፤ ለካስ እሱ የአሜሪካ ነው፣ መብራታቸው 60 ኸርዝ ነው። በእኛ 50 ኸርዝ 10.6 ይሆናል። ደግሞም ልክ 10.6 ላይ መቆም አደገኛ ነው። እዚያ ላይ ትራንስፎርመሩና ጠርሙሶቹ በ50 ኸርዝ እርስ በርስ ይቃኙና ቮልቴጁ የትራንስፎርመሩን የሽቦ መሸፈኛ በስቶ እስኪያልፍ ይጨምራል። ያ የማንፈልገው ሬዞናንስ ነው። ስለዚህ ሆን ብለን አልፈነው ወደ 16 ናኖፋራድ ሄድን። አንዱ ጠርሙስ 0.8 ያህል ስለሚይዝ 20 ጠርሙስ መሆኑ ነው። እናቴ ይህን አልሰማችም።

ሁለተኛው የእሳት መዝለያው ክፍተት ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የአየር ግፊቷ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሴንቲሜትር አየር ለመብሳት 30,000 ቮልት ገደማ ከተፈለገ እኛ ጋ 23,000 ይበቃል። በሌላ አገር ተለክቶ የተጻፈን ክፍተት እንዳለ ስንገለብጥ እሳቱ ቀድሞ ይዘላል፣ ጠርሙሶቹ ሳይጠግቡ ይራገፋሉ። የተጠራቀመው ኃይል ደግሞ የቮልቴጁን ካሬ ተከትሎ ስለሚሄድ ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ክፍተቱን አሰፋነው። ስስ አየር ግን ከላይ በኩል ይክሳል፤ ከሳህኑ የሚወጣው ብልጭታ እንዲረዝም ይረዳዋል። ኒኮላ ቴስላ ራሱ በፈረንጆች 1899፣ ማለትም ከዓድዋ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ትልቁን ኮይሉን የሠራው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ደጋ ከተማ ነው፤ ከፍታዋ 1,840 ሜትር ግድም ነው። በከፍታ እንኳን እኛ እንበልጠዋለን እያለ የአንጋጫው ልጅ ይቀልድ ነበር።

ምድርም ነበረች። ኮይሉ ከታች ጥሩ ኧርዝ ካላገኘ አይሠራም። ጓሮ ውስጥ እንሰቱ መሐል ፌሮ ቀበርን፤ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ አመቺ ነው። አከራዮቹ እንሰቱን እንዳናደርቅባቸው ፈርተው ነበር፤ ቅጠሉን እየመጡ ያዩታል። እንሰቱ ግን ግድም አልሰጠው።

ፕራይመሪው የተሠራው ተጠምጥሞ እንደ ሰፌድ በተዘረጋ የመዳብ ቱቦ ነው። አንድ ጫፉ ቋሚ ነው፣ ሌላው በመቆንጠጫ ከዙር ወደ ዙር ይዘዋወራል፤ ቅኝቱ ያለው እዚህ ነው። ለ227 ኪሎኸርዝና ለ16 ናኖፋራድ 31 ማይክሮሄንሪ ያስፈልጋል፤ በእኛ ስፋት ይህ ዘጠነኛው ዙር አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ መቆንጠጫው በግምት ስድስተኛው ላይ ነበር የተቀመጠው።

ሕጋችን ጥብቅ ነበር። ይህ ትራንስፎርመር ሰው ይገድላል፤ በዚህ ላይ ቀልድ አልነበረም። አንድ ሰው ሶኬቱ አጠገብ ቆሞ ሌላ ሥራ አይሠራም። ሶኬቱ ሳይነቀልና ጠርሙሶቹ በረጅም እንጨት ጫፍ ባለ ሽቦ ሳይራገፉ መቆንጠጫ አይነካም። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሆናል። ጋሼም ሊያዩ የመጡ ቀን በር ላይ ቆመው መጀመሪያ የጠየቁት «ሶኬቱ ጋ ማነው?» ብለው ነው።

በዚያው ቀን ዘጠነኛው ዙር ላይ ስንሰካው ቤቱ ሐምራዊ ሆነ። ከሳህኑ ጫፍ ስንዝር የሚሆን ብልጭታ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፤ ማእዘን ላይ ተደግፎ የነበረ ከምንም ያልተያያዘ የፍሎረሰንት ዘንግ ብቻውን በራ። የሒሳቧ ልጅ ጮኸች፤ እኔ የሮጥኩት ወደ በር ነው።

ጋሼ አልጮኹም። «ግማሽ ዙር ወደ ውጭ አውጡት» አሉ። ስሌቱ ዘጠኝ ነው አልናቸው። «የለካችሁት እሳት ሳይኖረው ነው። አሁን እሳቱ ራሱ ሽቦ ሆኖ ተቀጥሎበታል፤ ረዝሟል። ረዘመ ማለት ወረደ ማለት ነው።» ነቅለን፣ አራግፈን፣ ከዘጠኝ ወደ ዘጠኝ ተኩል ወሰድነው። ብልጭታው ስንዝር ተኩል ሆነ። አሥረኛው ላይ ግን መልሶ አጠረ። የልጅቷ ደብተር ላይ 227 ከሚለው ቁጥር ጎን 215 የሚል ተጻፈ፤ እሳቱ እየወጣ እያለ ያለው ድግግሞሽ መሆኑ ነው። ማንም መጽሐፍ ይህን ቁጥር ለእኛ ቤት ሊሰጠን አይችልም ነበር።

ከዚህ በኋላ ችግራችን ጎረቤት ሆነ። በእሳት ክፍተት የሚሠራ ኮይል የሬዲዮ ማሰራጫ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ማሰራጫዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሠሩት። እኛ በሰካን ቁጥር የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ይንጫጫል። በዜና ሰዓት ክልክል ሆነ። አጠገባችን ያለው ጸሎት ቤት ማይክራፎን ሲከፍትም ክልክል ነው፤ ያ ደግሞ በሆሳዕና ብዙ ሰዓት ነው። በቀረው ሰዓት መብራት ይጠፋል። ከከተማችን በስተምዕራብ ጊቤ ሸለቆ ውስጥ 420 ሜጋዋት የሚሰጥ ጣቢያ እያለ እኛ በሻማ ተቀምጠን መብራት እስኪመጣ ስለ መብረቅ እናወራለን።

ወደ ከምባታዋ ከተማ ወደ ዱራሜ የሄድነው የአንጋጫው ልጅ ዘመዶች ስለጠሩን ነው፤ ለተማሪዎች አሳዩልን ብለው። ጠርሙሶቹን አፍስሰን፣ የውሃቸውን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርገን ጫንናቸው። መኪና ውስጥ ባዶ የቢራ ጠርሙስና የፍሳሽ ቱቦ ይዘን ስንገባ የተመለከተን ሁሉ የየራሱን ግምት ወሰደ። አምባሪቾ ተራራ በመስኮት እስኪታየን ድረስ አንድ አዛውንት «ቱቦው ለጉድጓድ ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ነበር።

የተሰጠን አዳራሽ ሰፊና ጣሪያው ሩቅ ነበር። ሰካነው፤ ብልጭታው አንድ ስንዝር እንኳ አልሞላም። የሒሳቧ ልጅ ወዲያው ወደ ላይ አየች። ቆርቆሮው ሸሽቷል። 555ንና ሬዲዮውን አውጥተን ሰው እያየን ለካን፤ መሠረቱ ከ227 ወደ 231 ወጥቷል። ጓሮውም የእንሰቱ ጓሮ አይደለም፣ ደረቅ ነው፤ ፌሮው ሥር በባልዲ የጨው ውሃ ማፍሰስ ነበረብን። መቆንጠጫውን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘጠኝ መለስ አደረግነው። ተማሪዎቹ ከእሳቱ ይልቅ ሬዲዮው በየቦታው ማጉረምረሙ ነው የገረማቸው፤ አንዱ ደብተር አውጥቶ ቁጥሮቹን አብሮን ይቀንስ ነበር።

ሲበራ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሲጠፋ የኦዞን ሽታው እስኪወጣ መስኮት ተከፈተ፤ ስለ ኒኮላ ቴስላ የተዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል ከኋላ የተቀመጡ የግቢው ጥበቃ እጃቸውን አወጡ።

«ይሄ ነገር ቆጣሪ ላይ ስንት ያነባል?»

300 ዋት ግድም ነው፣ ከእንጀራ ምጣድ አሥር እጥፍ ያንሳል አልኳቸው። አላመኑኝም። እንደገና ሰኩት አሉና ራሳቸው ቆጣሪውን ሊያዩ ወጡ፤ ከተማሪዎቹም ግማሾቹ ተከትለዋቸው ሄዱ።